ለዛፍ ሽበቱ የራሱ የአየር ወሰን ይከበርለት

ቀን፦ መጋቢት 11
ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ካፖርቴ ዶሮ ዶሮ ስለመሽተቷ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ጡረታ የወጣሁ አናጺ ስሆን፣ ያለችኝን አንዲት ካፖርት ግቢዬ ውስጥ ባሰጣኋት ቁጥር ዶሮ ዶሮ ትሸታለች። ባለፈው የጎረቤት ድመት ለቅሶ ቤት ድረስ ተከትላኝ ሄዳለች። ይህ ለአንድ የተከበረ ሽማግሌ የማይገባ መሆኑን በአክብሮት አመለክታለሁ።

እውነቱን ለመናገር ካፖርቷ ሰበብ ናት። "ብክለት" ብዬ ብጀምር ማመልከቻዬ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ እንዳይሆን ሠግቼ ነው። ይቅርታ እየጠየቅሁ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

1. ከግቢዬ ጀርባ ጥንታዊ ጫካ አለ። ከቅርንጫፎቹ የዛፍ ሽበት፣ ያ ግራጫ ጢም የሚመስለው ነገር፣ ተንጠልጥሏል። ሥር ስለሌለው የሚበላውንም የሚጠጣውንም የሚያገኘው ከአየር ነው። አየሩ ውስጥ የገባ ሁሉ እሱም ውስጥ ይገባል። ትንንሾቹ ወፎች ጎጆአቸውን የሚሠሩት ከዚሁ ነው።

2. ከጫካው ወዲያ የእህቴ ልጅ ዶሮ ያረባል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ትጋቱን ከእኔ እንዳልወረሰ መላው ቤተሰብ ይመሰክራል። ከኩሱ የሚወጣውን አሞኒያ ግን ነፋሱ ወደ ጫካው ይነዳዋል። በዚያ በኩል ያሉት ዛፎች ሽበታቸው ረግፎ እንደ እኔ መላጣ ሆነዋል። ይህን ብነግረው "ታዲያ ጋሼ፣ ዶሮዎቹን ሽቶ ልቀባቸው?" አለኝ። አሁን ደግሞ ከፊተኛው የሚበልጥ ሁለተኛ ዶሮ ቤት ከጫካው ጥግ ሊሠራ ፈቃድ ጠይቋል።

3. ጽሕፈት ቤትዎ አየሩን ለክቶ "ለሰው ጤና ከተቀመጠው ወሰን በታች ነው" ሲል ጽፎልናል። ጤነኛ መሆኔን ስላበሠራችሁኝ አመሰግናለሁ። የረገፍኩት ግን እኔ አይደለሁም። መመሪያችሁ ለእንዲህ ያለው ጫካ ከሰው በጣም ያነሰ ሌላ ወሰን እንዳስቀመጠ ያስረዳችኝ የራሳችሁ ባለሙያ ናት።

4. ለዚያው ልኬት ባለሙያዋ "መቼ ልምጣ?" ብላ ስትጠይቀው የእህቴ ልጅ ቀን ቀጠረላት። ቀኑ ሳይደርስ ያደጉትን ዶሮዎች ሸጦ፣ ኩሱን ጠርጎ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብቶ ጠበቃት። ተንኮል አስቦ አይደለም። እህቴ ያሳደገችው "እንግዳ በቆሸሸ ቤት አይቀበሉም" እያለች ነው። እንዲህ ሆኖ መሣሪያው አንድም ዶሮ የሌለበትን ቤት አየር ለካ። የሠርግን ጫጫታ በማግስቱ መለካት ማለት ነው።

ስለሆነም ቤቱ በዶሮ ሲሞላና ዶሮዎቹ ለሽያጭ ሲደርሱ፣ እዚያው ጫካው ውስጥ ዳግመኛ እንዲለካልን፤ ውጤቱም በእኔ ሳንባ ሳይሆን በዛፍ ሽበቱ ወሰን እንዲመዘን፤ አዲሱም ዶሮ ቤት ነፋሱ ወደ ጫካው ከማይነዳበት፣ ከአሁኑ ዶሮ ቤት ኋላ ካለው ኮረብታ ማዶ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ይዘጋ አላልኩም። መተዳደሪያው ነው፤ ዶሮውንም እበላለሁ። ነገር ግን የዛፍ ሽበት የሚያድገው በዝግታ ነው። ዛሬ የረገፈው ተመልሶ ሲንጠለጠል እኔ አልኖርም፤ የእህቴ ልጅ እንኳ ቢያየው ብዬ ነው።

5. በተጨማሪም

አምስተኛውን ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። የእህቴ ልጅ ነው። ለሁለተኛው ዶሮ ቤት የጎረቤት ስምምነት ሊያስፈርመኝ መጥቷል። "ጋሼ፣ እዚህች ጋ ብቻ፣ ቶሎ በል፣ ዶሮዎቹን ትቼ ነው የመጣሁት" ይላል። ወረቀቴን ልሸሽገው ቃጣኝና አፈርኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ሰጥቼው በሁለተኛው ላይ መጻፌን ቀጠልኩ። ሲጀምር ሳቀ። አራተኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እስካሁን ቀና አላለም።

ክቡር ኃላፊ፣ የእሱን ወረቀት አልፈረምኩም። የራሴን ፊት ለፊቱ ፈርሜያለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የጫካው ጎረቤት፣
የፈቃድ ጠያቂው አጎት