ለሻምበል አድማሱ ለቅሶ ለደረሳችሁልኝ ሁሉ

ለክቡር አቶ ሀይለማርያም
የምሥራቅ ኮልፋክስ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የወርኃዊው መጽሔትም ዋና አዘጋጅ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ኅዳር 2007 እ.ኤ.አ.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ክረምት ሲገባ ለሚያስቸግርዎ ጉልበትዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ስለ ዓይንዎ የምጨነቅበት ምክንያት ከዚህ በታች ስለሚገለጥ አሁን አላስቸኩልዎትም። እኔ በበኩሌ፣ መንገደኛ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት ሳመላልስ ከመዋሌ የተነሣ ወገቤን ከማመሙ በቀር ደኅና ነኝ።

ይህ ደብዳቤ በመጽሔታችን ላይ መውጣት ይገባው ነበር። ነገር ግን ካለፈው ወር ጀምሮ እንዳልጽፍ ስለታገድኩ፣ በሃቫና ጎዳና ያሉ ባለሱቆች በራቸው ላይ እንድለጥፈው ፈቅደውልኛል፤ እርስዎም በርበሬ ሊገዙ ብቅ ሲሉ ቆም ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየካቲት ወር ያረፈው የወዳጄ የበድሉ ስም፣ በመጽሔቱ የሐዘን ገጽ ላይ በጥቁር መስመር ተከቦ እንዲወጣልኝ ነው። ብዙ ዘግይቷል፤ ሆኖም በድሉ አሁን የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

ጉዳዩን ለማያውቁ የሱቅ ደንበኞች ጥቂት ላስረዳ። ስለሺ እባላለሁ፤ በመጽሔታችን ስድስተኛ ገጽ ላይ «አዲስ የወጡ» በሚል ርእስ ስለ ኮሚክ መጻሕፍት ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ። የትኛው ዕትም በዚህ ወር እንደሚወጣ፣ ለሚያዝያ ቃል የተገባው ለምን እስከ መስከረም እንደ ዘገየ፣ የትኛው ሠዓሊ ከአሳታሚው ተጣልቶ ሥራውን ጥሎ እንደ ሄደ፣ በበጋው ትልቅ የኮሚክ ጉባኤ ላይ ምን እንደ ተወራ፣ ይህን የመሰለውን ሁሉ በአማርኛ ለሚከታተሉ አፍቃሪዎች አቀርብ ነበር። ትልቅ ሰው ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አያነብም የሚል አስተያየትዎን በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስሰማ ስለ ኖርኩ፣ እዚህ እንዲደግሙት አላስቸግርዎትም።

ገጹን ከእኔ ጋር የጀመረው በድሉ ነው። በድሉ ሊትልተን ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሎችን ሲያጥብና ሲያጎርስ የሚውል፣ በዚህ አገር ሚስትም፣ ወንድምም፣ የአጎት ልጅም ያልነበረው ሰው ነበር። አዳዲስ ኮሚኮች እዚህ አገር የሚወጡት ረቡዕ ረቡዕ ነው። እሱ ረቡዕን የሚጾም ኦርቶዶክስ፣ እኔ ደግሞ የማልጾም ጴንጤ ነኝ፤ እሱ እየጾመ እኔ ጥብስ ማዘዝ ስለሚከብደኝ፣ ፓርክ ሂል ካለው ኮሚክ ሱቅ ወጥተን በአንድ ትሪ ሽሮ እንበላ ነበር፤ ወጥ እንዳይነካቸው ኮሚኮቹን ጭናችን ላይ አድርገን። ትሪው ሲነሣ እጃችንን ታጥበን ማንበብ እንጀምራለን፤ አስተናጋጇም መቼም የማይነሡ ደንበኞች መሆናችንን ታውቅ ስለ ነበር ሻዩን ሳንጠይቃት ታመጣው ነበር።

ለጀግኖቹ የአገር ስም የሚያወጣላቸውም በድሉ ነበር፤ ሰው ስሙን መጥራት ያቃተውን ጀግና አይወደውም ይል ነበርና። ሰማያዊ ካባ ለብሶ በአድማስ ላይ የሚበረውን ካፒቴን ሻምበል አድማሱ አለው፤ የሻምበሉን ቀንደኛ ጠላት ደግሞ ቀኛዝማች ጨለማ አለው። አንባቢዎቻችን በእንግሊዝኛ ስማቸው አያውቋቸውም።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ፤ ቁጥር የሰጠኋቸው ስብሰባ ላይ «ነጥብ በነጥብ» ማለት ስለሚወዱ ነው።

አንደኛ። በድሉ በየካቲት ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ ብሎ አረፈ። የሥራ ባልደረቦቹና የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ተባብረው አስከሬኑን ለእናቱ ላኩ፤ እኔም ፎቶግራፉንና አጭር ጽሑፍ ይዤ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። በአክብሮት ተቀበሉኝ፣ ወንበር ሳቡልኝ፣ ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «ስለሺ፣ እኔ ፊል አደርግልሃለሁ፣ ግን አንተ ምኑ ነህ? ፍሬንድ ነህ። ኖቲሱ የሚወጣው ለሥጋ ዘመድ ነው። ደግሞስ ለቅሶ እንድረስ ብንል ማን ቤት ነው የምንሄደው? ሐዘንተኛው ማን ነው?» የበድሉን ፎቶግራፍ ኪሴ ከትቼ፣ በሩን በቀስታ ዘግቼ ወጣሁ። ስለ ወንበሩ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። በጥቅምት፣ እንደ ወትሮው የስድስተኛውን ገጽ ጽሑፍ ላክሁልዎ። የኮሚክ ዓለም ነዋሪዎች እንደምናውቀው፣ ሽያጭ ሲቀዘቅዝ አሳታሚዎች ጀግና ይገድላሉ፤ በዚያ ወር ተራው የሻምበል አድማሱ ሆነ። ጽሑፌ «ለሃያ ዓመታት ሕዝቡን በቅንነት ሲያገለግል የኖረው ሻምበል አድማሱ አረፈ» ብሎ ይጀምራል። ክቡርነትዎ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አንብበው ልብዎ ተነካ። ከስድስተኛ ገጽ አንሥተው ወደ ሐዘን ገጽ አዛወሩት፤ በጥቁር መስመር ከበቡት፤ ከላዩ መስቀል አኖሩበት፤ «አረፈ» የሚለውንም ለማዕረጋቸው በሚገባ አክብሮት «አረፉ» ብለው አቀኑልኝ፤ ከግርጌው ደግሞ የለቅሶ ቤት ብለው የእኔን ስምና የቤቴን አድራሻ ጻፉበት። ቀሪውን ቦታ ስለ ጠበበ ቆረጡት። በተቆረጠው ውስጥ ሻምበሉ በሁለት ጨረቃዎች መካከል፣ የምትወድቅ ፕላኔት በትከሻው ደግፎ ሳለ እንደ ሞተ ተገልጦ ነበር። ስለ ዓይንዎ የተጨነቅሁት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

የሥጋ ዘመዱ መሆኔን ግን በዚህ ጊዜ አልጠየቁኝም። ሟቹ ሻምበል መሆኑ ረድቶት እንደ ሆነ እንጃ፤ ሽማግሌ የሚያጥብ ሰው ለሐዘን ገጽ የማይበቃበትን፣ ሻምበል ግን ሳይጠየቅ የሚገባበትን አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ብፈልግ አጣሁት።

ሦስተኛ። መጣችሁልኝ። በዚያ ቅዳሜ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በሬ ተንኳኳ፤ ብከፍተው ደረጃው እስከ ታች ድረስ ጥቁር በለበሰ ሰው ሞልቷል። ድስት፣ ውኃ፣ ከአዳራሹ የመጡ ታጣፊ ወንበሮች፣ ሁሉም ነበር፤ ሰው አጥቼ አላውቅም ለማለት የሚያበቃ ሰው መጣልኝ። ስሕተት ነው፣ የሞተ ሰው የለም ብዬ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ የሞተ የለም ሲል ለቅሶው የባሰ ይደምቃል እንጂ አይቆምም። እትዬ ዘርፈሽዋል አንገቴን አቅፈው «አይዞህ ልጄ፣ መጀመሪያ ላይ አያምኑትም» አሉኝ፤ ክቡርነትዎም ከኋላ ሆነው «ሾክ ላይ ነው፣ ስፔስ ስጡት» ሲሉ ሰማሁ።

ጋሽ ብዙነህ፣ የቀድሞው ወታደር፣ ተነሥተው ከሻምበል አድማሱ ጋር በአንድ ምሽግ እንደ ነበሩ፣ እንጀራ ሲያጥር የራሱን ድርሻ ለወታደር የሚሰጥ መኮንን እንደ ነበር ተናገሩ። በዚህ አልታዘባቸውም። እንዲህ ያለ ሻምበል በእውነት ኖሮ፣ በወቅቱ ማንም ያላለቀሰለት ሊሆን ይችላል።

እኔም ደክሞኝ ነበርና ተቀመጥኩ። ክቡር ሆይ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አለቀስኩ። ከየካቲት ጀምሮ ሰው መሐል ተቀምጬ የማለቅስበት ቦታ አጥቼ ስለ ነበር፣ በስንት ሰው ትከሻ ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ማኅበሩ ያደረገልኝ ትልቁ ውለታ ይህ ነው፤ በስሕተት ስለ ተደረገ ግን በዓመታዊው ሪፖርት ላይ እንደማይገባ አውቃለሁ።

ቀጥሎ፣ በወጉ መሠረት፣ እትዬ ዘርፈሽዋል የሟቹን ፎቶግራፍ አምጣና ጠረጴዛው ላይ እናድርገው አሉኝ። ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። መኝታ ቤት ገብቼ የመጨረሻውን ዕትም አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑን አዩት፤ ካባውን አዩት፤ ጡንቻውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ጋሽ ብዙነህ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ክቡርነትዎ «ኮሚዩኒቲውን ኢምባረስ አደረግኸው!» ብለው ወጡ፤ ወንበሮቹም ተጣጥፈው ተከተሉዎት። ሰዎች ድስታቸውን እንደያዙ በዓይናቸው ሳያዩኝ ወጡ፤ አልፈርድባቸውም።

እትዬ ዘርፈሽዋል ብቻ አልተነሡም። «ቆይ፣ እና አንተ እንደዚያ ያለቀስከው ለማን ነው?» አሉኝ። የበድሉን ፎቶግራፍ ከኪስ ቦርሳዬ አውጥቼ ከኮሚኩ አጠገብ አኖርኩት። ለካ ያውቁታል፤ ባለቤታቸው ሊትልተን መጦሪያው ውስጥ በነበሩበት ጊዜ በየጠዋቱ ጢማቸውን የሚላጭላቸው እሱ ነበር። «በድሉ? በድሉ ሞተ? ምነው ማንም አልነገረን!» ብለው ነጠላቸውን እንደገና አወረዱና፣ ለቅሶውን ከመጀመሪያው ጀመሩት። ማንም ያልነገራቸው ለምን እንደ ሆነ ባውቅም፣ ለማኅበሩ ክብር ስል ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን እስከዚህ ደብዳቤ ድረስ ብቻ ነው።

አራተኛ። በሳልስቱ ሰኞ «በሐዘን ላይ በመቀለድ» በሚል ምክንያት ከመጽሔቱ መታገዴን የሚገልጽ ጽሑፍ ደረሰኝ። በሐዘን ላይ ስላለመቀለድ ከእርስዎ መማሬን እንደ ዕድል እቆጥረዋለሁ። ስድስተኛው ገጽ አሁን የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ የቡድን ፎቶግራፍ ይወጣበታል፤ እንደ ተነገረኝም በሚቀጥለው ወር ይኸው ፎቶግራፍ ይደገማል። በኮሚክ ዓለም እንዲህ ሲሆን ዳግም ኅትመት ይሉታል፤ የመጀመሪያው ተሸጦ ሲያልቅ ነው የሚደረገው።

አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ግን ደከመኝ፣ ይቅር።

ክቡር ሆይ፣ ገጼን መልሱልኝ አልልም። ረቡዕ ሲደርስ አሁንም ወደ ኮሚክ ሱቁ እሄዳለሁ፤ ባለሱቁ ከልማድ የተነሣ የበድሉን ድርሻ አብሮ ያስቀምጣል፣ እኔም ከልማድ የተነሣ እወስደዋለሁ። ሽሮውን ግን ለብቻዬ አልችለውም፤ ትሪው ይሰፋብኛል። የምለምንዎ መጀመሪያ ያልኩትን ብቻ ነው። በየካቲት «ሐዘንተኛው ማን ነው፣ ማን ቤት ነው የምንሄደው» ብለው ጠይቀውኝ መልስ አጥቼ ነበር። አሁን ግን መልሱን ራስዎ አትመውታል፤ ስሜም አድራሻዬም በጥቁር መስመር ውስጥ ወጥቷል፣ መንገዱንም ማኅበሩ በሙሉ አውቆታል። የቀረው የሟቹን ስም ማስተካከል ብቻ ነው። ይህንኑ «እርማት» በሚል ርእስ፣ በሁለት መስመር፣ ቦታ ሳይጠብ ሊያወጡት ይችላሉ።

ለወንበሩ፣ ለወንበሮቹ፣ በ«አረፉ» ላይ ለታየው የቋንቋ ጥንቃቄና ለቤቴ አድራሻ ትክክለኛነት ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጥኩ፣ በየካቲት የማንም ምንም ያልነበርኩ፣ በጥቅምት ግን በማኅበሩ ውሳኔ ሐዘንተኛ የሆንኩ፣

ታዛዥና አክባሪዎ
ስለሺ
የቀድሞው ስድስተኛ ገጽ

ማሳሰቢያ፦ ለቅሶ ለደረሳችሁልኝ ሁሉ የምሥራች አለኝ። አሳታሚው ባለፈው ረቡዕ ባወጣው መግለጫ መሠረት ሻምበል አድማሱ በሰኔ ወር ከሞት ይመለሳል፤ ሽፋኑም በአራት ዓይነት ይታተማል። ስለዚህ ክቡር ሊቀ መንበር ጥቁሩን መስመር ከእሱ ላይ አንሥተው ለሌላ ሊያውሉት ይችላሉ። የመጪዎቹን ወራት ካታሎግ ከዳር እስከ ዳር አይቼዋለሁ፤ በድሉ የለበትም።