የከሰል ባቡር በአጎቴ ሽለላ ላይ

አባባዬ፣ ይህ ጽሑፍ ባለህበት ይድረስህ።

አስቀድሜ አንድ ከባድ ኃጢአቴን ልናዘዝ፦ የአጎቴ የደሳለኝን ቁም ሣጥን በፀጉር መያዣዬ ከፍቻለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ግን አልተጸጸትኩም።

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። ወንበርህ ከበሩ ሥር አልተነሳም። ጓደኞችህ አያ ገላውና አያ ታደገ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ የለመዱትን የባቡር ድምፅ ሊሰሙ ይመጣሉ። አያ ገላው ባቡር በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ግን ፊሽካዋን ሰምተው «ውኃ ጨርሳለች» ብለው ይፈርዳሉ። አያ ታደገ «ዝም በል አንተ፣ ዳገት ላይ ናት!» ይሏቸዋል። ሁለት ሽማግሌ በተቀዳ ባቡር ሲጣላ እንደማየት ያለ ሸጋ ነገር የለም።

ከአርባህ በኋላ ያቺን ካሴት ከፈትንላቸው። አስመራ ባቡር ጣቢያ በወጣትነትህ ስትሠራ የቀዳሃትን፣ የከሰሉ ባቡር ከነፋሲት ሽቅብ ሲያቃስት አንተ «አሁን ዋሻ ልትገባ ነው» የምትልባትን። «ክቡራን የእድራችን አባላት...» የሚል ድምፅ ወጣ። አጎቴ ነው! ለእድር ዳኝነት ሊመረጥ ንግግር የተለማመደው በአንተ ካሴት ላይ ነው። አያ ገላው ጆሯቸውን አስጠግተው ብዙ ካዳመጡ በኋላ «ይህስ ባቡር አይደለም» አሉ።

አጎቴ «ምነው ትጮሂያለሽ? ባዶ መስሎኝ ነው!» አለኝ። ውሸታም። ማንም ደርቦ እንዳይቀዳበት የካሴቷን የጀርባ ጥርስ ሰብረህ ነበር። ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ለጥፎ አገኘሁት። ባዶ የመሰለው ሰው ፕላስተር ምን ያደርግለታል?

ባቡሯን አምና ወደ ስልኬ ቀድቻት ነበር፤ ሽማግሌዎቹ አሁን የሚሰሙት እርሷን ነው። አንተ የተናገርክበትን ግን «ሽማግሌው አበላሸው» ብዬ ቆርጬ ጣልኩት። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

እና ዛሬ አጎቴ ለምርጫው ወደ እድር ስብሰባ ሲወጣ የሠርጉን ካሴት ከቁም ሣጥኑ አወጣሁ። በየበዓሉ እንግዳ አስቀምጦ የገዛ ሽለላውን የሚያሰማበትን። እኔም ፕላስተሬን ለጠፍኩ፤ ባቡሯን እንዲቀዳልኝ ስልኬን ከቴፑ ፊት አስደገፍኩ። ከየት እንደምጀምር ለማወቅ ትንሽ ባዳምጠው አንተ ወጣህ።

«እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» ብለህ መረቅህ። ሳልክ። ከዚያ ደግሞ «ይህ ነገር እየቀዳ ነው?» አልክ። እጄን ከቀዩ የመቅጃ ቁልፍ ላይ አነሳሁ። አራት ጊዜ መለስኩና ሰማሁህ። ከእንግዲህ ከሳልህ እንኳ አንዲት አልቆርጥም አባባ፤ እንዳለች ትቀመጣለች፤ ልጅ ብወልድ ለልጄም አሰማታለሁ።

አጎቴን ግን አልማርኩትም። ሕዝቡ አሜን ብሎ እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ ወዲያ «ዘራፍ!» የሚለው አጎቴ ነው። ቀዩን ቁልፍ የጫንኩት እዚያ ላይ ነው። ይህን ስጽፍልህ ባቡርህ ሽለላውን እየጨፈለቀች ዳገቱን እየወጣች ነው። ፊሽካዋን በመጪው በዓል በእንግዳ ፊት ይስማት።

አጎቴ በሩን ከፍቶ ገባ። ስብሰባው ቶሎ አልቋል። አልተመረጠም መሰለኝ። ቴፑ የክፍሉን ድምፅ ሁሉ ስለሚቀዳ ትንፋሼን ውጫለሁ፤ እርሱ ግን ይኸው የተከፈተውን ቁም ሣጥን አይቶ በገዛ ካሴቱ ላይ ይጮኻል፦

«ሰናይት! አንቺ ሰናይት!»