መስኮቴ ላይ ያለው ጠርሙስ ደፈረሰ

ሃብቶሜ፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው የኅዳር ጉም ገባ። ይህን ደብዳቤ የምልክለት መጽሔት አንባቢዎች እየሰሙም ቢሆን አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርህ፤ አንተ ትስቃለህ እንጂ አትቆጣም።

ጠርሙስህን አልተውኩትም። የመንገድ ጠባቂ ሳለህ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከድጋፍ ግንቡ ሥር ከሚወጣው ቧንቧ ውሃ ቀድተህ መስኮታችን ላይ ታሳድር ነበር። ጠዋት የዘቀጠው ጭቃ ከአንድ ጣት ካለፈ "ተራራው ለቆ ሊናድ ነው" ብለህ የምጽዋን መንገድ ታዘጋለህ። ካንተ በኋላ እኔ መቅዳቱን ቀጠልኩ፤ ከሐዘን ይሁን ከልማድ እንጃ። ጎረቤታችን ለተብርሃን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ጠርሙስ ይዤ ስመለስ አይታ ጠበል መሰላት። ለጉልበቷ ለመነችኝ፤ ሰጠኋት። ተሻለኝ ብላ ለሰፈሩ አወራች፤ እኔም አፌን ዘጋሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የቦይ ውሃ አጠጣኋት።

ቤታችን ደህና ነው፤ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ። መንገድህ ላይ የነበረው የጣሊያንኛ ሰሌዳ ተነቅሎ የአማርኛ ቆሟል። አዲሱ ጠባቂ ደግሞ ከቢሮ ወረቀት ካልመጣለት መንገድ አይዘጋም።

አምስት ቀን ዘነበ። ዛሬ መጋረጃውን ስገልጥ ጭቃው ሦስት ጣት ሆኗል፤ ቀይ። የለተብርሃን ልጅ ተስፉ ወደ ምጽዋ ሊወርድ የጭነት ማኪናውን ሞተር እያሞቀ ነበር። ነጠላዬን በወጉ ሳልለብስ ሮጥኩ። ጠበሉ ደፈረሰ ብል እናቱ እንዳይሄድ እግሩ ላይ ትወድቅ ነበር። እሱ ግን በጠበል አይመለስም፤ ቢመለስ ባንተ ስም ነው። እውነቱን ተናገርኩ።

ለተብርሃን ሰምታኝ ከበራፏ ወጣች። "ሦስት ዓመት፣ አንቺ ሴትዮ? እኔ እኮ ለቄሱም ሰጥቻለሁ" አለች።

ተስፉ ሳቀ። "አደይ አብረኸት፣ የአቦይ ሃብቶምን ጠርሙስ አልንቅም። ግን ባለ ጭነቱ እየጠበቀኝ ነው። ግንቡ ጋ ስደርስ ወርጄ ቧንቧውን አየዋለሁ፤ ደፍርሶ ካገኘሁት እመለሳለሁ" ብሎ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ግንቡ በእግር እንኳ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ተስፉ ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆነው። ቅድም ከቁልቁለቱ አንድ ድምፅ መጣ። ለተብርሃን ነጎድጓድ ነው አለች። እኔም አዎ አልኳት።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ተቀይማኛለች፣ እጄን ግን አለቀቀችም። አንተን እዚሁ መስኮት ላይ ስጠብቅህ፣ ከጉሙ ውስጥ ቀድሞ የሚደርሰኝ ሳልህ ነበር፤ ኮፍያህ የሚታየኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ የምናዳምጠው የተስፉን ክላክስ ነው።

ጠርሙሱን አልደፋውም፤ አንተም ከልቤ አትወጣም። ክላክሱ ከተሰማ ብዕሬን ጥዬ እወጣለሁ፤ ስመለስ በዚሁ ወረቀት ጀርባ እጽፍልሃለሁ። ካልተሰማ ለጉሙ ፋኖስህን ይዘን ሁለታችን እንወርዳለን። ግንቡ ጋ ያየሁትን፣ ምንም ይሁን ምን፣ አንዱንም ሳልሸሽግ እነግርሃለሁ። መሸሸግ በቅቶኛል።

አብረኸትህ