ባለቤት የበዛባት ፎቶግራፍ

ለወንድም ዓለም፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ብርድ በገባ ቁጥር የሚያነክስህ ጉልበትህስ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም። እናታችንም ደህና ናት፤ ደህና መሆኗን የማውቀው ቁጣዋ ስለበረታ ነው።

«የሠርግህ ቀን ተቆረጠ ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ተቆርጦ ነበር፤ ከዚያ ሠርጉ ራሱ ሊፈርስ ሲል ለጥቂት ተረፈ። ምክንያቱ ሌላ ሴት ናት። አትደንግጥ፣ ፎቶግራፍ ላይ ያለች ናት። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የሰፈራችን ሰዎች የታሪክ ማኅበር አቋቁመዋል። ሊቀ መንበሩ «ኮምፓስ» የምትሏቸው የጂኦግራፊ አስተማሪህ ናቸው። በተዘጋው ወፍጮ ቤት ያልተሰበሰበ ነገር የለም፤ የከሰል ካውያ፣ ድምፁ የተዘጋ ሬዲዮ፣ በራቸው የጠፋ ቁልፎች። እናታችን «እኛ ጓዳ ሲሆን ቆሻሻ፣ እነሱ ጋ ሲሄድ ታሪክ!» ትላለች። እኔንም ታፔላ ጸሐፊ ነው፣ እጁ ያምራል ብለው አባል አደረጉኝና በየዕቃው ሥር የሚለጠፈውን ካርድ እጽፋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትልልቆቹ ተሰብስበው፣ ከተዘጋው ፎቶ ቤት የተገኙትን ስም የሌላቸው ፎቶግራፎች እያዩ «ይሄ እገሌ ነው፣ ያቺ የእገሌ እህት ናት» ይላሉ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ አንዲት ልጅ ወጣች። አውቶቡስ ደረጃ ላይ ቆማ ትስቃለች፤ ፀሐዩን ለመከለል እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ግማሽ ፊቷን ጋርዳዋለች። ዓይን የምትይዝ ልጅ ናት። እናታችን መነጽሯን እንኳ ሳታደርግ «ይቺማ እኔ ነኝ» አለች። ከጎኗ የነበሩት ጎረቤታችን፣ ማለትም የእጮኛዬ እናት፣ «ኧረ ተይ! አንቺ መቼ ነው እንዲህ ያለ ወገብ የነበረሽ? እኔ ነኝ እንጂ!» አሏት።

ራስ ሲመለጥ፣ ነገር ሲያመልጥ አይታወቅም። ዕድሜ ልካቸውን በአጥር ሲጠራሩ የኖሩት ሴቶች ዓይንና ናጫ ሆኑ። እናታችን «ጥርሱን እዩት፣ የልጄ ጥርስ ነው» ብላ በሌለህበት ምስክር አደረገችህ። ጎረቤታችን ደግሞ ልጃቸውን መንገድ ላይ አቁመው፣ እጇን ግንባሯ ላይ አስደርገው፣ አላፊ አግዳሚውን «ፍረዱኝ!» አሉ። ምስኪኗ እጮኛዬ ፀሐይ ላይ እየሳቀች ቆመች። እውነቱን ልንገርህ? የፎቶዋ ልጅ ሁለቱንም ትመስላለች።

መከራው ግን የእኔ ነው፤ ካርዱን የምጽፈው እኔ ነኛ! የእናቴን ስም ብጽፍ አማት የለኝም፤ የአማቴን ብጽፍ ቤት የለኝም። እናታችን ለእኔ በምታቀርበው ምግብ ላይ ጨው መጨመር ተወች። እዚያ ቤት ደግሞ «እንግዳ መጣ» እያሉ ይቀበሉኝ ጀመር። እጮኛዬም «ቀኑን እናቶቻችን ሲታረቁ እንደገና እንቁረጠው» ብላኝ ሳትስቅ ሄደች፤ ሆዴን የበላኝ ይሄኛው ነው። ኮምፓስን ባማክራቸው «ታሪክ ዝምድና አያውቅም» አሉኝ። «እንግዲያው እርስዎ ይጻፉት» ስላቸው እጃቸውን ቁርጥማት ያዛቸው።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ዕለት ካርዱን ባዶውን ለጠፍኩት። ሁለቱ ግራና ቀኝ እንደ ዘብ ቆመው ለመጣው ሁሉ ያስረዳሉ፤ ሰዉም ፎቶውን ትቶ እነሱን ያያል። በዚህ መሀል ሽማግሌው ቆርቆሮ ሠሪ ገቡ፤ እኚያ አሸንዳችንን የሠሩልን። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰው አይቀላቀሉም ነበር። ቀስ እያሉ መጥተው ፎቶው ፊት ቆሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እዚህ ነበርሽ እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ባለቤቴ ናት። አንድም ፎቶ አልነበረኝም እኮ» አሉን።

የእናታችንን ምላስ ታውቀዋለህ። እሷ ጎረቤታችንን አየቻቸው፣ እሳቸውም አዩዋት። እናታችን ጉሮሮዋን ጠርጋ «እሷ ናት እንጂ፣ ሌላ ማን ይሆናል!» አለች። ጎረቤታችንም «ከሁላችንም ቆንጆ እሷ አልነበረች?» ብለው ለሽማግሌው ወንበር ሳቡላቸው። ኮምፓስ ማስረጃ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ እናታችን እግራቸውን ረገጠቻቸው። እኔም የሟቿን ስም ጠይቄ ባዶው ካርድ ላይ ጻፍኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናታችን ክንዴን ይዛ «እኔ መሆኔን ግን ታውቃለህ አይደል?» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። በማግስቱ አማቴ በአጥር ጠርተው ያንኑ ጠየቁኝ። ለእሳቸውም «አውቃለሁ» አልኩ። አሁን ሽማግሌው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ሁለቱ ሻይ ሊቀዱላቸው ይሽቀዳደማሉ። የሠርጉም ቀን እንደገና ተቆርጧል፤ እጮኛዬ እየሳቀች ናት የቆረጠችው።

ባለቤትህን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ትልቁን ልጅህን አጎትህ በትምህርትህ ኮርቷል በለው፤ ትንሿን ጉንጭ ጉንጯን ሳምልኝ። እጮኛዬ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች። እናታችን አቅፋ ትስምሃለች፤ አንተ ጋ ያለውን የልጅነት ፎቶዋን ደግሞ ማንም ቢጠይቅህ፣ በተለይ ኮምፓስ ቢጠይቁህ፣ እንዳትልክ ብላለች።

ታናሽ ወንድምህ

ከቤታችን በረንዳ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ