ለክቡር የአድራሻ ደንብ ኮሚቴ፣ ሳይረኗ ዝም ካለባት ወደብ

ለክቡር ፕሮፌሰር ሐታናካ
የኔትወርክ ፕሮግራም አጻጻፍ ደንብ አውጪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቶኪዮ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነትና በቅርቡ ለታደሰው የኮሚቴው አዳራሽ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ በሚያጊ ጠረፍ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ፕሮግራም ከሚጽፉት ሁለት ሰዎች አንዷ ነኝ። ሁለተኛው ሴኖ ሳን ነው፤ በመጪው እሑድ በኮዳማ ወደብ ዓሣ አጥማጆች ፊት አጎንብሶ ይቅርታ እንዲጠይቅ የታዘዘው ማለቴ ነው።

አንደኛ፣ ደንብዎ መልእክት የሚላክበት የኔትወርክ አድራሻ እንደታሸገ ስጦታ ነው ይላል፤ ፕሮግራም ሳይከፍት ያሳልፋል እንጂ ውስጡን አያይም፤ ስለዚህ ነገ ሌላ ዓይነት ኔትወርክ ቢመጣም የሚነካ ነገር የለም። እኛ ስጦታ በሰጪው ፊት የማንከፍት ሰዎች ነንና ይህን ለማመን አልተቸገርንም። ስላሳመኑን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ኮዳማ ከሌሎቹ ወደቦች ቀድማ ወደ አዲሱ ረጅም የኔትወርክ አድራሻ ተዛወረች፤ በሱናሚ ልምምዱ ቀንም የማስጠንቀቂያ ሳይረኗ ሳይጮኽ ቀረ። ሴኖ ሳን መርምሮ ያገኘው፣ ኮሚቴው ራሱ ጽፎ ያደለን፣ እኛም እንድንነካው ያልተፈቀደልን የፕሮግራሙ ክፍል አድራሻውን ከፍቶ በድሮው አጭር ልክ እንደሚቆርጠው ነው። ማስጠንቀቂያው የትም አልደረሰም። ኮሚቴው በዚያው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ ጥፋቱ የፕሮግራም ጸሐፊው ነው ሲል መልስ ሰጠ። ፍጥነታችሁ የሚያስደንቅ ነው፤ ምርመራ እንዲህ ቶሎ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ ሰዎች ተጠራጣሪ ነሽ ይሉኛል፣ ልክ ናቸው። ክፍሉ በሁሉም ዓይነት ኔትወርክ ተሞክሯል በሚለው ወረቀት ላይ የበታቾችዎ ማኅተሞች እንደ ቢሯችን ወግ ወደ እርስዎ ማኅተም ዘንበል ብለው ተመትተዋል። ሁሉም ለእርስዎ አጎንብሰዋል፤ ከመካከላቸው ሙከራውን ያየ ስለመኖሩ ግን ስጠይቅ ሻይ ቀረበልኝ። ሻዩ ጥሩ ነበር።

እናቴ በዚያ ሳይረን ሥር የባሕር አረም ታሰጣለች። እሑድ ሴኖ ሳን እንደሚያጎነብስ ስነግራት፣ «ምን ያደርግልኛል ልጄ፣ ውኃው ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ይጮኽልኛል እንዴ?» አለችኝ። ሳይረኑ እስከ ዛሬ አልተጠገነም። እፈራላታለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ዝምታዎና ስላልተከፈቱት ደብዳቤዎቼ ከልብ እያመሰገንኩ፣ እሑድ ከሴኖ ሳን ጎን ለማጎንበስ የሚበቃ ቦታ የያዝኩልዎ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ።

አክባሪዎ
ኦጋሳዋራ ቺሆ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ የላክሁት በወደቧ ቢሮ ኮምፒውተር፣ በአዲሱ አድራሻ ነበር። የኮሚቴው አዳራሽ ሊገኝ አልቻለም ተብሎ ተመለሰልኝ፤ ስለዚህ በጋዜጣ አወጣሁት። ያንን የፕሮግራም ክፍል በየትኛው ኔትወርክ እንዳልሞከራችሁት ከእንግዲህ ማንንም አልጠይቅም።