በጣቢታ ላይ የጸለይን ቀን

ለምወድሽ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? የዳምቦያ ተማሪዎችሽ እንዴት ናቸው? ጉሮሮሽስ ተሻለሽ? እኔን ብትጠይቂኝ በአካል ደህና ነኝ። ያለሁት ሺንሺቾ፣ ወንድሜ ቤት ነው፤ ሆሳዕናን ለቅቄ ከወጣሁ ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ። መደወል አቅቶኝ አይደለም። ድምፅሽን ከሰማሁ የምለውን ሁሉ እንደማልጨርሰው ስለማውቅ ነው የጻፍኩት።

ስለ ልጅሽ ነው። አትደንግጪ፣ ጣቢታ ደህና ናት፤ እዚያው ሆሳዕና እናትሽ ጋ ናት።

እናትሽ በየእሑዱ ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን እንደምታመጣት ታውቂያለሽ። እዚያ የሚወራባትን ግን አልነገረችሽም ይሆናል። ጸሎት ሲደረግ ዓይኗን አትጨፍንም፤ ሰው ላይ ታፈጣለች። ይኸው ነው ጥፋቷ። "ከኃጢአት የተወለደች ምን ትሆናለች" ይላሉ። እናቶች ልጆቻቸውን ከአጠገቧ ሲያነሱ አይቻለሁ። የሴቶች አገልግሎት መሪ ሆኜ ዝም ብያለሁ።

ባለፈው ወር ባለቤቴ በሽማግሌነቱ ልጆቹን እየዞረ እጁን እየጫነ ሲባርክ፣ ጣቢታ ጋ ሲደርስ ነከሰችው። ደም አወጣችው። ቁስሉን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። "ክፉ መንፈስ አለባት፤ ይጸለይላት" ያለውም ራሱ ነው።

ከሆሳዕና ከመውጣቴ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከሰዓት ኳየሩ የሚለማመድበት ክፍል አስገባናት፤ ወንጌላዊ ማቴዎስ፣ ባለቤቴና እኔ። እናትሽን ውጭ ጠብቂ አልናት። በሩን ቆለፍን። የልጅቷን እጆች የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ማቴዎስ ግንባሯን ዘይት ቀብቶ መጮህ ጀመረ።

"ስምህ ማን ነው?" ይላል።

"ጣቢታ" ትላለች።

"ውጣ" ይላል።

"በሩን ቆልፋችሁታል" አለችው።

ማቴዎስ ግራ ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሽማግሌውን ለምን እንደነከሰች ጠየቃት። እሷም ባለቤቴን እያየች፣ "ዳምቦያ እማዬ ጋ ስሆን ሲመጣ ልጄ ይለኛል። እዚህ ግን የማን ልጅ ነሽ ይለኛል" አለች።

ባለቤቴ ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። "አያችሁ፣ የሐሰት መንፈሱ መናገር ጀመረ። ጸሎቱን እንቀጥል" አለና እጁን እንደገና ወደ ጭንቅላቷ ዘረጋ። ያ እጅ አሥራ አንድ ዓመት ያጎረሰኝ እጅ ነው።

በሩን ከፍቼ ልጅሽን ይዤ ወጣሁ። ግቢው ቧንቧ ላይ ዘይቱን በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብኩላት። "አንቺ በጣም አጥብቀሽ ነው የያዝሽኝ" አለችኝ። የእጇ አንጓ ቀልቷል። ይቅርታ ጠየቅኳት። እውነቷን ነው።

የዚያኑ ዕለት ለሌሎቹ ሽማግሌዎች ሄጄ ነገርኳቸው። ቤትሽን አታፍርሺ፣ አገልግሎቱም ይሰደባል፣ በጸሎት እንይዘዋለን አሉኝ። በማግስቱ ባለቤቴ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ንጽሕና ሰበከ። "አሜን" ሲሉለት መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወጥቼ አጥሩ ሥር አስመለሰኝ። የለበሰውን ሸሚዝ ጠዋት የተኮስኩለት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ። የሚያስጠላኝ እሱ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሰኞ ልብሴን ሰብስቤ ወጣሁ።

አንቺስ እስከ ዛሬ ለምን ቤትሽ ታስገቢዋለሽ ብዬ አልጠይቅሽም። አንቺም ትንሽ ታስጠዪኛለሽ፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። ግን ራሴን ከምጠላው አይብስም። ልጅሽን ግን መጥተሽ ከዚያ አውጫት። ስትመጪም የነከሰችው ለምን እንደሆነ እንደገባሽ ንገሪያት፤ እስካሁን እንዲህ ያላት ሰው የለም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያኔ ከቤተ ክርስቲያን ኅብረት ስትታገጂ ማን እንደጠቆመብሽ ስትጠይቂኝ ኖረሻል፤ እኔም አላውቅም ስልሽ ኖሬአለሁ። ማርገዝሽን የነገርሽው ለእኔ ብቻ ነበር፤ ከማን እንደሆነ ግን አልነገርሽኝም። እኔም ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። ቤታችን ያቀረብኩለትን ምሳ እየበላ ነበር። መብላቱን አላቋረጠም። "ለሽማግሌዎቹ እኔው ባቀርበው ይሻላል" አለኝ።

ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። እናትሽን ያቆይልሽ፤ ለአንቺም ጤናሽን ይስጥሽ። ለዚህ ደብዳቤ መልስ ባትጽፊልኝም አልቀየምሽም።

አብሮ አደግሽ
ሺንሺቾ