ባለሙያን በትዕግሥት ስለ ማባረር ለሆስፒታላችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ በተለይም ከቢሮዎ በር አጠገብ የተሰቀለው የማመልከቻ ሣጥን እንደምን አለ? እኔ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት የጽሕፈት መሣሪያ የምሸጥና ፎቶ ኮፒ የማነሣ ነጋዴ ነኝ። ውሎዬን በደብተር የማስፈር ልማድ ስላለኝ፣ የእህቴ ልጅ እናንተ ዘንድ ለመቀጠር የደከመችበትን ስምንት ወር ከነቀኑ ይዤዋለሁ። ዛሬ ደብተሩን የገለጥኩት ለማማረር ሳይሆን ለማመስገን ነው።

ልጅቱ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ናት፤ አራት ዓመት ሠርታበታለች። የራጅ ማሽናችሁ ከቆመ ደግሞ ዓመት ሊሞላው ነው። የእናቷ ዓይን እየደከመ በመምጣቱ ከሰፈር ሳትርቅ መሥራት ትፈልግ ነበር። ማስታወቂያችሁን ስናይ በእናንተና በእርሷ መካከል ያለው አንድ አስፋልት ብቻ መስሎን ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ጥቅምት 8 ማመልከቻዋን ከአምስት ኮፒ ጋር አስገባች። ኅዳር 2 ኮፒው ስለጠፋ ሌላ አምስት ተባለች፤ ኅዳር 25 ደግሞ የተገኘው ኮፒ «አርጅቷል» ተብሎ እንዲታደስ ታዘዘ። የወረቀት ነጋዴ እንደ መሆኔ እግዜር ይስጥልኝ ከማለት በቀር አፍ የለኝም።

2. ታኅሣሥ 20 ሠላሳ ሁለት ተፈታኞች ኮሪደር ላይ ቆመው ሳለ ፈተናው የሚታተምበት ማሽን እምቢ አለ። የፈታኝ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማሽኑን በጥፊ ሲመቱት ልጅቱ አላስቻላትም፤ ፈቃድ ጠይቃ ከፈተችው፣ የተቀረቀረውን ወረቀት አወጣች፣ የላላውን አጠበቀች፣ በሩብ ሰዓት አስነሣችው። ሁሉም «የአመራርን ትርጉም አብራራ» የሚል ጥያቄ ለመመለስ በቃ። ውጤት ሲለጠፍ ግን ለተግባራዊ ችሎታ ዜሮ አገኘች፤ ለካ የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ኮፒ ላይ ማኅተሙ ደብዝዟል። ዋናውን ይዛ ብትመጣም፣ ዋናውን እንዲያይ የተመደበው ሰው ፈቃድ ላይ ነበር።

3. በይግባኝ ቃለ መጠይቅ ተፈቀደላት። ሁለት ጊዜ ስትመጣ ጠያቂዎቹ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው፣ መጋቢት 14፣ ለሰባት ደቂቃ አነጋገሯት። ስለ ማሽን የጠየቃት የለም፤ በቅርቡ ልታገባ አስባ እንደሆነ ግን ተጠየቀች። የራጅ ማሽኑ ቅናተኛ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ በየሰኞው መስኮታችሁ ላይ «ጠብቂ» ተባለች። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እናንተ ዘንድ ግን የፈሰሰ ነገር የለም፣ የተቀዳ የለምና።

በመካከሉ ሩቅ ከተማ ያለ አንድ ክሊኒክ ጠራት። ጠዋት የቆመ ማሽን ሰጧት፤ ከሰዓት በኋላ መቼ እንደምትጀምር ጠየቋት። እርሷ ግን ስለ እናቷ ብላ አሥር ቀን አስታገሠቻቸው። በአሥረኛው ቀን ራሴ ቢሮዎ መጥቼ ብለምን፣ ጸሐፊዎ «አባባ፣ ሂደት አይቸኮልም» አሉኝ። እሑድ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። እህቴ አሁን ቀኑን የምትውለው ሱቄ ውስጥ ወንበር ላይ ነው፤ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርጋለች።

ረቡዕ ደብዳቤያችሁ ደረሰ። አንደኛ ወጥታለች፤ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አምስት ኮፒ ይዛ ካልቀረበች መብቷን እንደተወች ይቆጠራል ይላል። የተጻፈበት ቀን ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።

ምክር ለመስጠት አቅሙ የለኝም። እኔ ሰው ስቀጥር ሥራውን ራሱን ሰጥቼ አያለሁ፣ የዋለበትን እከፍላለሁ፣ ማታ ሳይመሽ እሺ ወይም አይሆንም እላለሁ፤ ያልወሰድኩትም ነገ ደንበኛዬ ነውና። ጎበዝ ሠራተኛ እንደ ጥሩ ገዢ ነው፤ በር ላይ ካቆሙት ጎረቤት ሱቅ ይገባል።

ለመሥሪያ ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለራጅ ማሽኑም የሰላም ዕረፍት የምመኝ፣
ሂደታችሁን አክባሪ ጎረቤትዎ፣
የወረቀቱ ነጋዴ

ማስታወሻ፦ ትናንት አንዲት ወጣት ሥራ ፈልጋ ሱቄ መጣች። ግማሽ ቀን ሠራች፣ ወደድኳት፣ ሰኞ ትጀምራለች። ስሟን ስመዘግብ አባቷ እርስዎ ሆነው አገኘሁዎት። ለምን አባትሽ መሥሪያ ቤት አላመለከትሽም ብላት፣ «ውይ ጋሼ፣ እኔ እኮ መሥራት የምፈልገው ዘንድሮ ነው» አለችኝ።